የቴስታታ ጓርኒሲዮን ስንት ቁጥር ነው?

ጤና ይስጥልኝ። ወሬ ከመጀመሬ በፊት አንድ ነገር ላሳያችሁ። በግራ እጄ የያዝኩት የቴስታታ ጓርኒሲዮን ነው፤ በሞተሩ ክዳን፣ በቴስታታው፣ እና ሲሊንደሮቹ ባሉበት ብሎክ መካከል ተጨምቆ የሚያሽገው ስስ ሉህ። በቀኝ እጄ ያለውም እንደዚያው። አንዱ አዲስ ነው፣ አንዱ ከሞተር የተነቀለ። ከዚያ ውጪ ልዩነታቸውን ከኋላ የተቀመጣችሁት አታዩትም። ከፊት ያላችሁትም አታዩትም። የሲሊንደሩ ቀዳዳ፣ የውሃው መንገድ፣ የብሎኑ ቦታ፣ ሁሉም አንድ ላይ ይገጥማል። የግራው ታስሮ ሲጨመቅ 0.8 ሚሊ ነው። የቀኙ 1.6 ሚሊ። በቃ ይቺ ናት። አንድ ሚሊ እንኳን የማትሞላ ልዩነት። እኔን ግን ሙሉ አንድ ወር አስለቅሳኛለች።

ነገሩ ወዲህ ነው። ሞተሩ የራሴ ነበር። ባለ አራት ሲሊንደር፣ ቤንዚን፣ የሲሊንደሩ ስፋት 86 ሚሊ፣ የፒስቶኑ ምትም 86 ሚሊ። ወደ ሁለት ሊትር ይመጣል። ሙቀት መታውና ቴስታታው ተጣመመ። ተላገ፣ ተስተካከለ። ከዚያ ፍርሃት ያዘኝ። ቴስታታው ተላገ፤ ስለዚህ ቻምበሩ፣ ቤንዚኑ የሚቃጠልበት ጎድጓዳ ቦታ፣ ጠበበ፤ ስለዚህ ኮምፕሬሽኑ፣ ድብልቁ የሚጨመቅበት መጠን፣ ጨመረ፤ ስለዚህ ድብልቁ ራሱን እያቀጣጠለ ሞተሩ ሊያንኳኳ ነው። አስተሳሰቤ እስከዚህ ድረስ ስህተት አልነበረውም። ስህተቱ የመጣው ቀጥሎ ነው። ሄድኩና "ወፍራም ጓርኒሲዮን ስጡኝ" አልኩ። ስንት ብለው አልጠየቁኝም፣ እኔም አልነገርኳቸውም። ወፍራም ተባለ፣ ወፍራም ተሰጠ።

ገጠምኩት። በመጀመሪያው ቁልፍ ተነሳ። ደስ አለኝ። ዳገት ላይ ጭነት ሲይዝ ግን ያ የማውቀው ድምፅ መጣ። በቆርቆሮ ውስጥ ጠጠር የሚንቀጠቀጥ የሚመስለው። ኮምፕሬሽን ቀንሼም ያንኳኳል! ቤንዚኑን ጠረጠርኩ። ካንዴላ፣ ብልጭታ ሰጪውን፣ ቀየርኩ። የእሳቱን ጊዜ፣ ብልጭታው የሚሰጥበትን፣ ወደ ኋላ መለስኩ፤ ድምፁ ትንሽ ቀነሰ፣ ጉልበቱም አብሮ ሄደ። ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ማለት ይሄ ነው። ችግሩ የተቀመጠው ራሴ በገጠምኩት ብረት ውስጥ ነበር።

ለምን እንደሆነ ለመረዳት ወደ ልኬቱ እንግባ። ሂሳብ አለበት፤ ግን መደመርና ማካፈል ብቻ ስለሆነ አትፍሩ።

"የጓርኒሲዮን ቁጥር" ስንል ሁለት ቁጥሮችን ነው የምንቀላቅለው። አንዱ የቀዳዳው ስፋት ነው። ሌላው ውፍረቱ ነው። ውፍረት ስል ደግሞ ታስሮ፣ ብሎኑ ሙሉ ኃይሉን ይዞ፣ ተጨምቆ የሚቀረውን ነው። ከማሸጊያው አውጥታችሁ በካሊፐር የምትለኩት ሌላ ቁጥር ነው። በተለይ የግራፋይት ወይም የፋይበር ጓርኒሲዮን ሲታሰር በደንብ ይሟሽሻል። ባለ ብዙ ንብርብር የብረቱ፣ ኤምኤልኤስ የሚባለው፣ ብዙም አይወርድም፤ እሱም ቢሆን ግን ይወርዳል። ስለዚህ የሚታመነው አምራቹ "የተጨመቀ ውፍረት" ብሎ የሚሰጠው ቁጥር ነው። እሱን ቁጥር የማይሰጥ አምራች ካጋጠማችሁ ለመደበኛ ጥገና ይሁን። ሞተር አስልቶ ለሚሠራ ሰው ግን ያ ጓርኒሲዮን ቁጥር የለውም።

ከቀዳዳው ልጀምር፤ እሱ ቶሎ ያልቃል።

ቀዳዳው ከሲሊንደሩ መስፋት አለበት። ለ86 ሚሊ ሲሊንደር 87 ሚሊ ቀዳዳ ብትሉ በየጎኑ ግማሽ ሚሊ ትርፍ አላችሁ። እኔ ከዚህ በታች መውረድ አልወድም። ምክንያቱ ቀላል ነው። ጠርዙ ወደ ሲሊንደሩ ውስጥ ብቅ ካለ እሳቱ መሃል የተንጠለጠለ ስስ ብረት ሆነ ማለት ነው። ሙቀቱን የሚያስረክብበት ነገር የለውም። ይግላል፤ ይቀላል። ከካንዴላው በፊት ቤንዚኑን ራሱ ማቀጣጠል ይጀምራል። ከዚያ ወይ ጓርኒሲዮኑ ይበላል፣ ወይ ፒስቶኑ።

ሰዎች እዚህ ላይ የሚሸወዱት ኦቨርሳይዝ፣ ማለትም ከመደበኛው ሰፋ ያለ፣ ፒስቶን ሲያስገቡ ነው። ሲሊንደሩ ከ86 ወደ 86.5 ሰፋ። ፒስቶን ተገዛ፣ ፋሻ፣ የፒስቶኑ ቀለበት፣ ተገዛ። ጓርኒሲዮኑ ግን በመኪናው ስም ተጠይቆ የድሮው 87 መጣ። በየጎኑ ሩብ ሚሊ ብቻ ቀረ። ጓርኒሲዮኑ በመያዣ ፒኖቹ ላይ ትንሽ ቢንሸራተት እንኳን ያቺ ሩብ ሚሊ በአንድ ወገን አለቀች። 87 ድረስ ከሰፋማ ምንም የለም። እንዲህ ላለው ሞተር 88 ፈልጉ።

ደግሞ ሲሊንደሩን ብቻ አትዩ። ጓርኒሲዮኑን ቴስታታው ላይ ገልብጣችሁ አስቀምጡት። አንዳንድ ቴስታታ ላይ የቻምበሩ አፍ በቫልቮቹ በኩል ከሲሊንደሩ ወጣ ይላል። ከታች ያማረ ጓርኒሲዮን ከላይ ተንጠልጥሎ ይገኛል። በቀለም ወይም በስለታም ጫፍ ዙሪያውን ምልክት አድርጉና እዩት። አምስት ደቂቃ ነው።

"ታዲያ በጣም የሰፋ ገዝቼ ለምን አልገላገልም?" የሚል አይጠፋም። ቀዳዳው በሰፋ ቁጥር በፒስቶኑ ዙሪያ እሳት በደንብ የማይገባበት ቀለበት ይፈጠራል። እዚያ የተደበቀው ቤንዚን ሳይቃጠል ይወጣል። በሁለት ሲሊንደሮች መካከል ያለው የማሸጊያ ወርድም ይቀጥናል። እሱ ደግሞ ቀልድ አይደለም። በአንድ ሲሊንደር ውስጥ ግፊቱ 60 ባር ቢደርስ፣ 86 ሚሊ በሆነ ክብ ላይ ወደ ሦስት ቶን ተኩል ኃይል ቴስታታውን ወደ ላይ ይገፋዋል። ያውም ቱርቦ ሳይኖር። ያንን ሁሉ የሚይዘው ብሎኑና ያቺ ቀጭን ወርድ ናቸው። ያለ ምክንያት አታቅጥኗት።

አሁን ወደ ውፍረቱ። ዋናው ጨዋታ እዚህ ነው።

ኮምፕሬሽን ሬሾ ማለት ፒስቶኑ ታች ሳለ ያለው ጠቅላላ ቦታ፣ ፒስቶኑ ላይኛው ጫፍ ሲደርስ ለሚቀረው ቦታ ሲካፈል ነው። የእኔን ሞተር እንውሰድ። የፒስቶኑ ምት የሚጠርገው ቦታ በአንድ ሲሊንደር 499.6 ሲሲ ነው። ላይ ሲደርስ የሚቀረው ቦታ ደግሞ ከአራት ነገሮች ይደመራል። አንደኛ የቴስታታው ቻምበር፣ ከተላገ በኋላ ስለካው 42 ሲሲ። ሁለተኛ በፒስቶኑ ራስ ላይ ያሉት የቫልቭ ጉድጓዶች፣ 4 ሲሲ። ሦስተኛ ፒስቶኑ ጫፍ ሲደርስ ከብሎኩ ፊት 0.2 ሚሊ ዝቅ ብሎ ስለሚቆም፣ ያ 1.2 ሲሲ ያህል ነው። አራተኛ ጓርኒሲዮኑ ራሱ።

ጓርኒሲዮኑ 87 ሚሊ ቀዳዳና 1.2 ሚሊ ውፍረት ቢኖረው 7.1 ሲሲ ይይዛል። ተደምሮ 54.3 ሲሲ። ሬሾው 10.2 ይወጣል። ፋብሪካው ያስቀመጠው ውፍረት ይሄ ነበር። ማለትም ከተላገ በኋላም ቢሆን መደበኛውን ብገጥም 10.2 ነበርኩ። ይቺ ነበረች ያስፈራችኝ!

ውፍረቱን ወደ 0.8 አውርዱት፣ 10.6 ይሆናል። ወደ 1.6 አውጡት፣ 9.8 ይሆናል። 0.4 ሚሊ በሄዳችሁ ቁጥር ሬሾው ወደ 0.4 ይንቀሳቀሳል። ቀዳዳውንስ ከ87 ወደ 88 ብናሰፋ? ከ10.20 ወደ 10.17። ምንም። ቀዳዳ ኮምፕሬሽን ማስተካከያ አይደለም፤ ስለ ኮምፕሬሽን ስታስቡ ከጭንቅላታችሁ አውጡት።

እንግዲህ በወረቀት ላይ ያደረግኩት ነገር ልክ ነበር። 1.6 ገጠምኩ፣ ሬሾዬ 9.8 ወረደ። ታዲያ ለምን አንኳኳ?

ፒስቶኑን በዓይነ ልቦናችሁ ወደ ላይ ግፉት። የፒስቶኑ ራስ ዙሪያው ጠፍጣፋ ነው። ቴስታታውም ከቻምበሩ ግራና ቀኝ ጠፍጣፋ ቦታ አለው። ፒስቶኑ ጫፍ ሲደርስ እነዚህ ሁለት ጠፍጣፋዎች ሊነካኩ ይደርሳሉ። መካከላቸው የነበረው የአየርና የቤንዚን ድብልቅ መሄጃ ያጣና ወደ መሃል፣ ወደ ካንዴላው፣ ተስፈንጥሮ ይገባል። ጭብጨባ ላይ ከመዳፋችሁ መሃል የሚወጣውን ንፋስ አስቡት። ያ ንፋስ ድብልቁን ያማስለዋል። እሳቱ በፍጥነት ይሮጣል። ዳር ላይ ተቀምጦ ከመጠን በላይ ግሎ ራሱን የሚያቀጣጥል ድብልቅ አይተርፍም፤ የሚቀረውም ትንሽ በብረቱ ይቀዘቅዛል። ይቺን ክፍተት ስኩዊሽ ይሏታል።

ስኩዊሿ ስንት እንደሆነች ማወቅ ከፈለጋችሁ ሁለት ቁጥር ደምሩ። ፒስቶኑ ከብሎኩ ፊት የወረደበትን፣ ሲደመር የጓርኒሲዮኑን የተጨመቀ ውፍረት። የቻምበሩ ስፋት አይገባበትም። ለተለመደ የቤንዚን ሞተር፣ ቢየላው፣ ፒስቶኑን የሚይዘው ዘንግ፣ ብረት ከሆነ፣ 1 ሚሊ አካባቢ ጥሩ ነው። ከ0.9 እስከ 1.1 በሉት። ከ0.8 በታች ስትወርዱ ሞተሩ ሲጮህ ቢየላው ይለጠጣል፣ ፒስቶኑ ይወዛወዛል፣ ቴስታታውን መንካት ይመጣል። ከ1.5 በላይ ስትወጡ ደግሞ ያ ጭብጨባ ይጠፋል። መዳፎቹ ሳይገናኙ ይመለሳሉ።

የእኔ ስንት ነበር? 0.2 ሲደመር 1.6። 1.8 ሚሊ።

ስለዚህ በአንድ እጄ ኮምፕሬሽኑን ቀነስኩ፤ በሌላው እጄ ሞተሩን ከማንኳኳት የሚጠብቀውን ነገር ነቀልኩ። ዳር ዳሩ ላይ ሰነፍ ድብልቅ ተኝቶ ቀረ። ወፍራም ጓርኒሲዮን ያድነኛል ብዬ ነበር፤ የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም።

ሌላም ያልገባኝ ነገር ነበር። ቴስታታ ሲላግ ቻምበሩ ይጠባል እንጂ ስኩዊሹ አይለወጥም። ጠፍጣፋው ቦታና የቴስታታው ፊት አንድ ወለል ከሆኑ፣ ሁለቱም አብረው ነው የሚወርዱት። ስኩዊሽን የሚለውጠው የብሎኩን ፊት መላግ ነው፤ ያን ጊዜ ፒስቶኑ ወደ ብሎኩ ፊት ቀረበ ማለት ነው። ስለዚህ "ተልጓል፣ ስለዚህ ወፍራም ግጠም" የሚለው ምክር መጀመሪያ መመለስ ያለበት ጥያቄ አለ። ምኑ ነው የተላገው? ብሎኩ ተልጎ ፒስቶኑ ቀርቦ ከሆነ ወፍራሙ ትርጉም አለው። ቴስታታው ብቻ ከሆነ ቆም ብላችሁ አስሉ።

ወደ መፍትሔው። ሞተሩን እንደገና ከፈትኩት። በዚህኛው ዙር ከስኩዊሹ ጀመርኩ። 1 ሚሊ እፈልጋለሁ። ፒስቶኔ 0.2 ዝቅ ይላል። ስለዚህ ጓርኒሲዮኑ 0.8 መሆን አለበት። አለቀ። ማንንም "ቀጭን ይሻላል ወፍራም?" ብዬ አልጠየቅኩም፤ ቁጥሩ ራሱ ወጣ። በ0.8 ግን ሬሾዬ 10.6 ይሆናል፤ ለምጠቀመው ቤንዚን በዛብኝ። እሱን ደግሞ በፒስቶን ፈታሁት። ዳሩ ጠፍጣፋ ሆኖ መሃሉ ጎድጎድ ያለ፣ በጠቅላላው 9 ሲሲ የሚይዝ ፒስቶን አገኘሁ። ሂሳቡን መልሱት፦ 42 ሲደመር 9፣ ሲደመር 1.2፣ ሲደመር የጓርኒሲዮኑ 4.8። 57 ሲሲ። ሬሾው 9.8።

ልብ በሉ፤ ያው 9.8 ነው። በወፍራሙ ጓርኒሲዮንም 9.8 ነበር፣ በቀጭኑም 9.8 ነው። ወረቀት ላይ አንድ ሞተር ናቸው። መንገድ ላይ ግን አንዱ ያንኳኳል፣ ሁለተኛው ዝም ብሎ ዳገቱን ይወጣል። የእሳቱን ጊዜም ወደ ቦታው መለስኩት።

ግን ቀጭን ጓርኒሲዮን የራሱ እዳ አለው። ቴስታታው ወደ ፒስቶኑ ሲቀርብ ቫልቮቹም አብረው ይቀርባሉ። ከ1.6 ወደ 0.8 ስሄድ በቫልቭና በፒስቶን መካከል ከነበረኝ ክፍተት ላይ ወደ 0.8 ሚሊ ተቆረጠብኝ። ብዙ ሞተር ሠሪዎች ለመግቢያው ቫልቭ 2 ሚሊ፣ ለመውጫው 2.5 ሚሊ ያህል ክፍተት ይፈልጋሉ። ይህን በግምት አታልፉት። ልጆች የሚጫወቱበትን ለስላሳ ጭቃ መሰል ነገር ፒስቶኑ ላይ ለጥፉ፣ ቴስታታውን ከምትገጥሙት ጋር እኩል ውፍረት ባለው አሮጌ ጓርኒሲዮን እሰሩ፣ ሞተሩን በእጅ ሁለት ዙር አዙሩ፣ ፍቱ፣ የተጨፈለቀውን በቢላ ቆርጣችሁ ለኩ። ካምሻፍቱ፣ ቫልቮቹን የሚከፍተው ዘንግ፣ ከላይ ከሆነና በሰንሰለት ወይም በቀበቶ የሚነዳ ከሆነ ደግሞ ቴስታታው በወረደ መጠን የቫልቮቹ ጊዜ በትንሹ ይዘገያል። ለአንድ ሁለት አሥረኛ ሚሊ አይሰማችሁም። ሲጠራቀም ግን ይሰማል።

ልኬቶቹ እንዴት ይወሰዳሉ ለሚለው፣ ሁለቱን ላሳያችሁ። ቻምበሩን ለመለካት ቫልቮቹና ካንዴላው ተገጥመው ቴስታታው ይገለበጣል። ቀዳዳ ያለው ወፍራም ግልጽ ፕላስቲክ ዙሪያውን ግራሶ ተቀብቶ ይለጠፍበታል። ከዚያ ቀለም የገባበት ፈሳሽ ልኬት ባለው ሲሪንጅ ቀስ እያላችሁ ትሞላላችሁ። የአየር አረፋ ካየች ዓይናችሁ፣ ቴስታታውን ዘንበል አድርጋችሁ አስወጡት። የገባው ሲሲ የቻምበሩ ቁጥር ነው። አራቱንም ለኩ። አራቱ እኩል ከሆኑ ዕድለኛ ናችሁ።

ፒስቶኑን ደግሞ ዳያል ጌጅ፣ ባለ መርፌ መለኪያውን፣ በማግኔት እግሩ ብሎኩ ላይ አቁማችሁ ነው። መጀመሪያ የብሎኩ ፊት ላይ ዜሮ አድርጉት። ከዚያ ጫፉን ፒስቶኑ ላይ አሳርፋችሁ ከላይኛው ጫፍ ወዲያና ወዲህ አዙሩ። የምትለኩት ፒስቶኑን ከቢየላው ጋር ከሚያያይዘው ፒን በላይ፣ በፒኑ አቅጣጫ ባሉት ሁለት ዳሮች ነው። በሌላው አቅጣጫ ፒስቶኑ ይወዛወዛል፤ የውሸት ቁጥር ይሰጣችኋል። እዚህ ላይ ያየሁት ስህተት ስፍር ቁጥር የለውም፤ የራሴንም ጨምሮ።

ናፍጣ ለምትሠሩት፣ እናንተ ዘንድ ነገሩ ጠበቅ ይላል። በብዙ የናፍጣ ሞተር ላይ ፒስቶኑ ከብሎኩ ፊት በላይ ብቅ ይላል። ቴስታታው ጠፍጣፋ ነው፤ ቻምበሩ ያለው ፒስቶኑ ራስ ላይ ነው። ከቴስታታው ጋር እንዳይጋጭ የሚከለክለው ጓርኒሲዮኑ ብቻ ነው። ለዚህ ነው አምራቾች አንድ ዓይነት ጓርኒሲዮን በሁለት ሦስት ውፍረት የሚሠሩት፣ ዳሩ ላይም ውፍረቱን የሚለይ ቀዳዳ ወይም ጥርስ የሚያስቀምጡት። ለምሳሌ በፎልክስቫገን ባለ 1.9 ሊትር ቲዲአይ ላይ ፒስቶኑ ከ0.91 እስከ 1.00 ሚሊ ብቅ ካለ ባለ አንድ ቀዳዳ፣ ከ1.01 እስከ 1.10 ከሆነ ባለ ሁለት፣ ከ1.11 እስከ 1.20 ከሆነ ባለ ሦስት ይገጠማል። ሌሎች አምራቾች በፊደል ይለያሉ። አንዳንዱ መመሪያ ከፒስቶኖቹ ሁሉ ትልቁን ቁጥር ያዙ ይላል፤ አንዳንዱ አማካዩን። የያዛችሁትን ሞተር መመሪያ ክፈቱ።

"አሮጌው ላይ ሁለት ቀዳዳ ስለነበረ ሁለት አመጣሁ" የሚለው የሚሠራው ብሎኩም፣ ፒስቶኑም፣ ቢየላውም ሳይነኩ ከቀሩ ነው። ያም ቢሆን አሮጌውን የገጠመው ሰው ለክቶ ከነበረ። ብሎኩ ከተላገ ወይም ፒስቶን ከተቀየረ እንደ አዲስ ለኩ። ናፍጣ ላይ 0.1 ሚሊ ምን ያህል እንደምታደርግ አስሉት። የአንዱ ሲሊንደር ምት 474 ሲሲ፣ ሬሾው 19.5 በሆነ ሞተር ላይ የሚቀረው ቦታ 25.6 ሲሲ ብቻ ነው። ጓርኒሲዮኑ በ0.1 ሚሊ ሲወፍር ሬሾው ወደ 0.35 ይወርዳል። በእኔ ቤንዚን ሞተር ላይ ያው 0.1 ሚሊ ወደ 0.1 ብቻ ነበር የሚያወርደው። ወፍራም የተገጠመበት ናፍጣ ብርድ ላይ አልነሳም ይላል፣ ነጭ ጭስ ይተፋል፤ ሰውየው ደግሞ ኢንጀክተር ይቀይራል።

ስለ ዓይነቱ አጭር ልበል። ኤምኤልኤስ ጥሩ ነው፤ ጠንካራ ነው፤ ውፍረቱም ይታመናል። ግን ኩሩ ነው። ፊቱ ለስላሳ ካልሆነ አይዘጋም። የተላገውን ቴስታታ በጥፍራችሁ ስትፍቁት መስመር መስመር ከተሰማችሁ ለኤምኤልኤስ አልደረሰም። የግራፋይቱ ትንሽ ሻካራነት ይችላል፤ መደበኛ ሞተር ላይ አልንቀውም። መዳብ የእሽቅድምድም ሰዎች ነው፤ ብዙ ጊዜ በሲሊንደሩ ዙሪያ የሽቦ ቀለበት ይፈልጋል፤ ውሃ ማሸግ ላይም ጣጣ አለው። ለዕለት መኪና አልመክረውም።

አንድ ነገር ልረሳ ነበር። አዲሱን ጓርኒሲዮን ደረቅ ብሎክ ላይ አስቀምጣችሁ የዘይቱን ቀዳዳ ፈልጉ። ክፍት ነው? የውሃው ቀዳዳዎች ግን ከብሎኩ ቀዳዳ ጠበብ ብለው ብታገኟቸው አትደንግጡ፣ በመቀስም አታስፏቸው። ውሃው ወደ የትኛው ሲሊንደር ስንት እንደሚሄድ የሚቆጣጠሩት እነሱ ናቸው።

ብሎኖቹ የገቡባቸውን ቀዳዳዎችም አጽዱ። ታቹ ድፍን የሆነ ቀዳዳ ውስጥ ዘይት ከተጠራቀመ፣ ብሎኑ ሲገባ ዘይቱ መሄጃ ያጣል። ቶርክ ሬንቹ፣ የማሰሪያ ኃይሉን የሚለካው ቁልፍ፣ "ደረስኩ" ይላችኋል፤ ቴስታታው ግን ገና አልታሰረም። ብሎኩም ሊሰነጠቅ ይችላል። ትክክለኛው ውፍረት የሚገኘው በትክክል ከታሰረ ነው።

ወደዚህ ስገባ በር ላይ አንድ ልጅ አግኝቶኝ ጥሩ ጥያቄ ጠየቀኝ፤ ለሁላችሁም ልመልሰው። "ጋሼ፣ ወፍራም ባጣ ሁለት ቀጭን ደርቤ ብገጥምስ?" አለኝ። አይሆንም፣ የኔ ልጅ። የሚያፈስ ቦታ ከሁለት ወደ ሦስት ነው የምታሳድገው። በመሃል የምታስቀምጣቸው ነጠላ የብረት ስፔሶሮች በተለይ ተሠርተው የሚሸጡ አሉ፤ እነሱ ለዚያ ሞተር ተብለው ከመጡ ሌላ ነገር ነው። ከሁሉም በፊት ግን ለምን ወፍራም እንደፈለግክ ንገረኝ። ፒስቶኑን ለክተሃል? "አልለካሁም" አለኝ። እሺ፣ ዛሬ ከዚህ ስንወጣ አብረን እንለካዋለን።

ስኩዊሹን ታስሮ ካለቀ በኋላ ማረጋገጥ ለምትፈልጉ፣ ለስላሳ የብየዳ እርሳስ ሽቦ ውሰዱ። ውፍረቱ 1.5 ሚሊ ቢሆን ይበቃል። በፒኑ አቅጣጫ ፒስቶኑ ዳር ላይ በትንሽ ግራሶ አጣብቁ። ቴስታታውን አስራችሁ በእጅ አንድ ጊዜ አሳልፉት። ከዚያ ፈትታችሁ ሽቦውን በማይክሮሜትር ያዙት። ይህን ስታደርጉ ጓርኒሲዮኑ የሙከራ ይሁን፤ አንዴ የተጨመቀ መልሶ አይገጠምም። የእኔ ሽቦ 1.02 ነበር ያነበበው።

እነዚህን ሁለቱን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣቸዋለሁ። ያ የቀኙ ያኔ ከሞተሬ የነቀልኩት ነው፤ ሦስተኛው ሲሊንደር ዙሪያ ጥላሸቱ አሁንም አለ። ካሊፐሩም አጠገባቸው ነው። ኑና ለኩት።